ትንሹ ፊደል

በሙያዬ የገበያ ሥራ ባለሙያ ነኝ። ማሸጊያ ላይ ትልቁ ፊደል እንድንገዛ፣ ትንሹ ደግሞ እንድንጠነቀቅ እንደሚጻፍ አውቃለሁ። የመድኃኒትን ትንሽ ፊደል ግን በወጉ ማንበብ የጀመርኩት ገለጉ ላይ ነው።

በቋራና በመተማ ቆላ የሰሊጥ አጨዳና የወባ ወቅት አብረው ነው የሚመጡት። በዚያ ሰሞን ለሥራ ሄደን ሳለ ሾፌራችን ወባ ተገኘባቸውና ኮአርተም ታዘዘላቸው። በማግሥቱ "አሁን ደኅና ነኝ" ብለው ወደ ገንዳ ውኃ ሊነዱን ቁልፉን አነሡ። እኔ ከመድኃኒቱ ጋር ያለውን ወረቀት እያነበብኩ ነበር። ማዞር ወይም ድካም ከተሰማዎት አይንዱ፣ ማሽን አያንቀሳቅሱ ይላል።

"ጋሼ፣ ያዞርዎታል እንዴ?"

"ብድግ ስል ትንሽ..."

ጉዞው ቀረ። እሳቸውም የሦስት ቀኑን መድኃኒት ሳያቋርጡ ጨረሱ።

ልብ ይበሉ፤ ማስጠንቀቂያው "መድኃኒቱን ይተዉ" ማለት አይደለም። ወባ መድኃኒቱ ካልተጨረሰ ሊያገረሽ ይችላል። ለጊዜው የሚተወው መንዳቱ ነው። "ማሽን" ሲባልም የፋብሪካ ብቻ አይምሰልዎ። ትራክተር፣ ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የእንጨት መጋዝ ሁሉ ማሽን ነው።

እርስዎ ቆላ ባይወርዱም ጉዳዩ ቤትዎ ውስጥ አለ። ለጉንፋንና ለአለርጂ የሚወሰዱት ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን እንቅልፍ ያመጣሉ። ለሕመም የሚታዘዘው ትራማዶል፣ ለጭንቀት የሚሰጠው ዳያዜፓምም እንዲሁ። ማታ የተዋጠ ክኒን ድብታው እስከ ጠዋት ሊቆይ ይችላል፤ ልጆችዎን ትምህርት ቤት የሚያደርሱበት ሰዓት ማለት ነው። ቢራ ወይም አረቄ ከተጨመረበት ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ፋርማሲ ሲገቡ ዋጋ ብቻ ጠይቀው አይውጡ። "መኪና እነዳለሁ፤ ይህ መድኃኒት ያስተኛል ወይ? የማያስተኛ አማራጭስ አለ?" ይበሉ። ለአለርጂ ለምሳሌ ሎራታዲን አብዛኛውን ሰው አያስተኛም። አዲስ መድኃኒት ሲጀምሩ ሰውነትዎ እንዴት እንደሚቀበለው እስኪያውቁ ድረስ መሪ አይጨብጡ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ከሆነና ካልገባዎት ባለሙያው በአማርኛ እንዲያስረዳዎት ይጠይቁ፤ አያፍሩ።

ያን ቀን ሾፌራችን ተቀይመውኝ ነበር። ማታ ላይ ግን ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው "ለካ እንቅልፍም ነበረብኝ" አሉኝ።