የአባቴን የመሰለች ቬስፓ

ባለቤቴ ቬስፓዋን ግቢያችን ውስጥ ቆማ ስታያት ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መንቀሳቀሷንስ አየሁ፤ መቆሟን ማን አየ?»

እውነቷን ነው። ሻጩ አንዴ ረግጦ አስነሳት፣ አካባቢው በጭስ ተሞላ፣ እኔም የልጅነቴ ሽታ የመጣብኝ መስሎኝ ሌላ ሳልጠይቅ ገንዘቡን ቆጠርኩ። አባቴ ልክ እንደዚህ ያለች አረንጓዴ ቬስፓ ነበረችው። እኔ ከፊቱ ቆሜ፣ እናቴ ከኋላ በጎን ተቀምጣ፣ ሦስታችንም ያለ ሄልሜት ወደ ሆራ ሐይቅ እንወርድ ነበር። ዛሬ የስምንት ዓመቷ ልጄ ተራዋን ትጠብቃለች። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ውል ገባን፤ ልጅቷ የምትሳፈረው እናቷ «ይሁን» ያለች ቀን ነው። ሥራው ሁለት ወር ፈጀ።

የወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ ካልገጠመ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ተመለሱ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ናቸው። እኛ የምንኖረው ቢሾፍቱ ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ግን በ2011 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ መጣሉን አስታውሳችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ በሉ።

በ1946 እ.ኤ.አ. ለገበያ የወጣችውን ቬስፓ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እንደ ሌላው ሞተር ብስክሌት የቧንቧ አጥንት አልሰጣትም፤ የምትሸከመን ላሜራዋ ራሱ ነው። ስለዚህ የእግር መርገጫው ወለል በዝገት ከተበላ ጉዳዩ የመልክ አይደለም፤ አጥንቷ ተሰብሯል ማለት ነው። ደግሞ ዝገትን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ከፍሪጃችን በር ላይ ማግኔት ነቅዬ በወለሉ ላይ አስኬድኩት። ከፍሬን መርገጫው ሥር መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ አልያዝም አለ። ቀለሙ ሲፋቅ ስቱኮ፣ ስቱኮው ሲፋቅ መሬት ታየ። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ።

ሥራውን የያዙልኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ዳዶ እያሉ ሲያዙኝ፣ ቬስፓዋን በገዛ አገሯ ቋንቋ የሚያነጋግሯት ይመስለኝ ነበር።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልተበላም፤ አዲስ ነው የሚመስሉት። አዛውንቱ ግን ጎኑን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ቁጥር ፈለጉ። የጎማ ጎን ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ አራት አሃዝ ይኖራል፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። 2311 ቢል፣ በ2011 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። የኔዎቹ ሦስት አሃዝ ብቻ ነበራቸው፤ ይህ ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረ አጻጻፍ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ጎማ ሳይሆን ቅርስ ነው» አሉኝ። ጎማው ሲተጣጠፍ ጎኑ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ።

ጎሚስታው ጋ የሆነውን ግን ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል። የቬስፓ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ነው፤ ግማሾቹን ራሳቸውን የሚያያይዙ ዳዶዎች አሉ፣ ቸርኬውን ከታምቡሩ ጋር የሚያስሩ ሌሎች ዳዶዎች አሉ። የመኪና ጎማ የለመደው ወጣት ነፋስ ሳያወጣ መፍቻውን ሁለቱን ግማሽ በሚያያይዘው ዳዶ ላይ አሳረፈ። አዛውንቱ ዘለው እጁን ያዙት። ያ ዳዶ ውስጡ ነፋስ እያለ ቢፈታ ቸርኬው ለሁለት ይፈነዳል፤ ፊትም ጣትም አይምርም። መጀመሪያ ቫልቩ ይነቀላል፣ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ከዚያ ዳዶ። ልጁ ላብ አጠመቀው። እኔም እንደዚያው።

ፍሬኑ ሲፈታ የኋላው ሸራ በዘይት ርሷል። ዘይት የጠጣ ሸራ ታጥቦ አይመለስም፤ ዘይቱን ያሳለፈው የጎማ ማኅተምም አብሮ ይቀየራል። አንድ ነገር አደራ፦ የታምቡሩን አቧራ በኮምፕሬሰር አታስነፉ። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል፤ ለሳንባ ጠንቅ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ይጣላል። ካቦዎቹን በሙሉ፣ የፍሬን፣ የፍሪሲዮን፣ የማርሽና የጋዝ፣ በአንድ ቀን ቀየርን። ከተደረገው ወጪ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። «የብስክሌት ካቦ ይሠራል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ጫፉ ቦታው ላይ በትክክል አይቀመጥም፣ ጨክናችሁ ፍሬን በያዛችሁበት ሰዓት ነው የሚሾልከው።

ያ የወደድኩት ጭስም በሽታ ሆኖ ተገኘ። የእኔዋ 150 ስፕሪንት ናት፤ ሁለት በመቶ ዘይት ነው የምትፈልገው፣ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። የቀድሞው ባለቤት «ለጥንቃቄ» እያለ በግምት ይጨምርላት ነበር። እኔ በልጄ የድሮ ጡጦ እለካለሁ፤ ላዩ ላይ በትልቁ «ዘይት» ብለን ጽፈንበታል። ሌላው ምክንያት ከፍታችን ነው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ ለባሕር ዳርቻ የተለካው ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል። አዛውንቱ ካንዴላውን ነቅለው አሳዩኝ፤ ጥቁርና እርጥብ። በአነስተኛ ጂግለር ቀየሩት። ከሳምንት በኋላ ካንዴላው ለስላሳ እሳት ያየ ቡና መሰለ። ቁልቁለት ላይም ጋዝ ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ለረጅም ጊዜ አትውረዱ፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ነውና የሚገባው፣ ጋዝ ከተዘጋ ሞተሩ ይደርቃል። ፒስተኑ ሞቆ ከያዘ የኋላ ጎማ ይቆለፋል።

መብራቷ 6 ቮልት ነው። አንድ ብልህ 12 ቮልት አምፖል ገጥሞላት እንደ ጧፍ ታበራ ነበር። ትክክለኛው ከተገጠመ በኋላም ማታ አልነዳትም።

በመጨረሻ ባለቤቴ ፈተናዋን አዘጋጀች። ከቤታችን ፊት ባለው መንገድ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር አሰመረች፤ አንዱ ላይ ፍሬን ልይዝ፣ ሁለተኛው ሳይደርስ ልቆም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት እርምጃ አልፌ ቆምኩ። የፊት ፍሬን እጄታው መያዣውን እየነካ ነበር። ተመልሶ ተስተካከለ። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድም ጥቂት ቀን ይፈልጋል አሉ። በሳምንቱ ከመስመሩ በፊት፣ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይሁን» ይባላል ብዬ ስጠብቅ፣ ባለቤቴ ሄልሜቷን አድርጋ ራሷ ከኋላ ተቀመጠች። ሆራ ድረስ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወርደን ተመለስን። ልጅቷም በተራዋ ወጣች፤ ግን ተቀምጣ እግሯ ወለሉን አልነካም። እግር የሚያርፍበት የሌለው ተሳፋሪ ደግሞ አይጫንም። ተናዳ ወረደች። በር መቃኑ ላይ ቁመቷን በእርሳስ አስምራለች፤ በየእሑዱ ጠዋት ሄዳ ትለካለች።