እንጀራውን ግዙ፣ በርበሬውን ግን ተዉት

እንጀራ ከሱቅ መግዛት ያሳፍር የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። ሴት ባለችበት ቤት እንጀራ ከውጭ ከመጣ ጎረቤት ያማ፣ አማት ትታዘብ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ አመሻሹን እንጀራ በፌስታል አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ የሚገባው ብዙ ነው። በዚህ ለውጥ ከሚያዝኑት ወገን አይደለሁም። እንጀራ ግዙ እላለሁ። በርበሬ ላይ ግን ሌላ ሰው ነኝ።

የእንጀራን ጣጣ እናንሳ። ጤፉ ተነፍቶ ይፈጫል፤ በእርሾ ይቦካና ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ያቀረረው ውሃ ይደፋል፤ አብሲት ይጣልበታል፤ ኩፍ ሲል ደግሞ ቆሞ መጋገር ነው። መብራት በዚያ ሰዓት ከጠፋ ሊጡ አይጠብቅም፣ ይኮመጥጣል። ይህ ሁሉ በየሦስት በየአራት ቀኑ ይደገማል፤ የሚወድቀውም በአብዛኛው ከሥራ ደክማ በገባች ሴት ጫንቃ ላይ ነው። «የቤት እንጀራ የት ይገኛል!» ከሚሉት ወንዶች መካከል አብሲት ጥሎ የሚያውቀው ስንቱ ይሆን? የሱቁን እንጀራም ቢሆን የጋገረችው ያው ሴት ናት፤ ልዩነቱ እሷ የልፋቷን ዋጋ ማግኘቷ ነው።

ጀሶ የተቀላቀለበት እንጀራ ተያዘ የሚል ዜና ሰምተናል፤ አልዘነጋሁትም። ለዚህ መድኃኒቱ ጋጋሪዋንና ጓዳዋን አውቆ ደንበኛ መሆን ነው። ደግሞም እንጀራ ብዙ ገመናውን አይደብቅም፤ ሩዝ የበዛበት በማግስቱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ይታያል። ያልጣመው ሰው በነጋታው ሱቅ ይቀይራል።

የተፈጨ በርበሬ ግን ገመናውን ይዞ ነው የሚመጣው። የሸክላ ዱቄት ቢቀላቀልበት ቀይ ነው፣ ንጹሑም ቀይ ነው። ከሸክላው ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሻጋታው ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ፣ ወይም ሚዛን እንዲደፋ ውሃ የተረጨበት ዛላ ይሻግታል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ወጡ የቱንም ያህል ቢንተከተክ አይጠፋም። ዛላውን ከፈት አድርጎ ያየ ሰው ግራጫውን ሻጋታ ለይቶ ይጥለዋል። አንዴ ከተፈጨ በኋላ ማን ይለየዋል?

የቤት ስለሆነ ብቻ ደህና ነው ማለቴም አይደለም። በክረምት ደመና ሥር የተሰጣ በርበሬ የእናታችሁም ቢሆን ይሻግታል። ስለዚህ ዛላው በበጋ ይገዛ፤ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ ይሁን፤ ተቀንጥሶ ፀሐይ ይምታው። ከዚያ በነጭ ሽንኩርቱ፣ በዝንጅብሉ፣ በበሶብላው ይደለዛል፤ እንደገና ደርቆ ከኮረሪማውና ከአዝሙዱ ጋር ወፍጮ ቤት ይሄዳል። አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ድካሙ በዓመት አንዴ ነው። አቅልዬ የማየው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ሒሳብ ቀድመው የሠሩት ይመስለኛል። እንጀራውን ከሐበሻ ሱቅ ይገዛሉ፤ በርበሬው ግን አገር ቤት ተዘጋጅቶ በሻንጣ ይሄድላቸዋል። ሻንጣው ኪሎ ሲሞላ ከውስጡ የሚወጣው ልብሱ ነው።

በርበሬውን ይዛችሁ ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ወረፋችሁን ጥላችሁ ሻይ አትጠጡ፤ ከፊታችሁ የተፈጨው ምን እንደነበረ ጠይቁ፤ የእሱ ትራፊ ከእናንተው ጋር መውረዱ አይቀርምና። ለወንዶችም ሥራ አለ፤ ቅንጠሳው ብልሃት አይጠይቅም። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም አትንኩ።