የየካቲት 12 ሙታን በስማቸው ይጻፉ

በአገራችን ልማድ ኀዘን ሥርዓት አለው። ሟች በስሙ ይለቀሳል፤ ካህኑም በክርስትና ስሙ ጠርቶ ይፈታዋል፤ በ40ኛው ቀን ተዝካሩ ይወጣል፤ በዓመቱም ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የቤቱ ሰው እርሙን አውጥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሥርዓቱ ያልተፈጸመለት ቤት ግን ዘመን ቢረዝምም ኀዘኑ ከደጁ አይርቅም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደው መከራ ትቶት የሄደው እንዲህ ያለውን ኀዘን ነው። በዚያ ቀን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኆች ምጽዋት ሲታደል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ስለዚህም ፋሺስቶች ሦስት ቀን ሙሉ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለዩ ያገኙትን ሁሉ ገደሉ፤ ቤቱንም ከነሰዎቹ አቃጠሉ። ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በላጋ ወልዴ በጥይት ተፈጁ።

ከሞት የተረፈው ሰው ከዚያ በኋላ የኖረው ኑሮ ሊታሰብ ይገባል። ባልዋ በጧት ወጥቶ ያልተመለሰ ሴት መበለት መሆንዋን የሚያስረዳት ሬሳ አላገኘችም። ልጁ የጠፋበት አባት ልጁ ተገድሎ ይሁን ወደ ደናኔ እስር ቤት ተግዞ ይሁን ሳያውቅ የመንገድ መንገድ ያይ ነበር። ሬሳው በጅምላ ጉድጓድ ስለ ተጣለ፣ ለቅሶ የሚደረስበት መቃብር አልነበረም። ብዙዎቹም ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ኖረው ሞቱ።

እነዚህ ሙታን በስማቸው ስላልተጻፉ ዛሬ በቍጥር ብቻ ይነገርላቸዋል፤ ቍጥሩም ቢሆን አንድ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በአዲስ አበባ ያለቀው ሕዝብ 30 ሺህ ነው ሲል አስታወቀ፤ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል መርምሮ ወደ 19 ሺህ ገደማ አደረሰው። በደብረ ሊባኖስም ግራዚያኒ በገዛ ቴሌግራሙ 449 ሰዎች መገደላቸውን ሲያስታውቅ፣ ኋላ የተደረገው ምርመራ ከ1,423 እስከ 2,033 እንደሚደርሱ ገመተ። በቍጥር የሚከራከር ሰው ክርክሩን ሊያሸንፍ ይችላል፤ ሙታኑን ግን አላገኛቸውም።

አንዳንድ ሰዎች የዳነ ቍስል መንካት ምን ይጠቅማል፣ ይቅርታ ተደርጎ የለምን ይላሉ። በእውነቱ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ በገቡ ጊዜ ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ አዝዘዋል፤ ይህም ለአገሪቱ ክብር ሆነ። ነገር ግን ይቅርታ የበደሉን ልክ አውቆ መተው ነው እንጂ በደሉን አለማወቅ አይደለም። የሚረሳ ሰው ይቅር አላለም፤ የሚተወው ነገር የለውምና።

የገዳዩ ስም ግን አልጠፋም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. 19 ዓመት እስራት ቢፈረድበትም፣ ፍርዱ ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው እንጂ በኢትዮጵያ ስላፈሰሰው ደም አልነበረም፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ተለቀቀ። በ2004 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በአፊሌ ከተማ የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶለታል። ገዳይ በስሙ ሲታሰብ ሟች ያለ ስም መቅረቱ ትልቅ ነውር ነው።

በስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ለሁሉም በአንድነት ቆሞአል፤ በየዓመቱም አበባ ይቀመጥለታል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለ፣ የቀረው ሥራ የብዕርና የወረቀት ሥራ ነው። ያን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእናትና ከአባታቸው የሰሙትም እያረጁ ነው።

ስለዚህ የየደብሩ አስተዳዳሪ መዝገብ ከፍቶ ከምእመናኑ ይጠይቅ፤ የሟቹን ስም፣ የክርስትና ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የነበረበትን ሰፈርና ይህን የተናገረውን ሰው ይጻፍ። መስጊዶችም ለወገናቸው እንዲሁ ያድርጉ። የወረዳ ሹማምንት ደግሞ ጸሓፊና ወረቀት ይስጡ፤ የተሰበሰበውንም በሁለት ቅጂ አስገልብጠው አንዱን በቦታው ያስቀምጡ፣ ሁለተኛውን ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያስረክቡ። የተረጋገጠው እንደ ተረጋገጠ፣ የተጠረጠረውም እንደ ተጠረጠረ ይጻፍ፤ ሐሰት የገባበት መዝገብ ለሙታኑ ሁለተኛ በደል ነውና።

ከዚያ በኋላ የካቲት 12 በመጣ ጊዜ ካህኑ በአጥቢያው የተገኙትን ስሞች አንድ በአንድ ያንብብ። አሥር ቢሆኑ አሥር፣ አንድም ቢሆን አንድ ይነበብ። ያን ጊዜ የቤቱ ሰው የአያቱን ስም ሰምቶ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ የዘገየውን እርም ያወጣል።