ድንጋይ የመታ ቁጥር

የአፈር ምርመራ ሪፖርት ማገላበጥ የለመደ ሰው ይህችን መስመር ያውቃታል፦ «ከዚህ ጥልቀት በታች ያለው ጥቅጥቅ ያለ ጠጠር ስለሆነ የሊኩፋክሽን ስጋት የለም።» አሸዋው በስሌትና በሠንጠረዥ ሲተነተን ቆይቶ ጠጠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሸኛል። ይህች መስመር ከመሐንዲስ ሪፖርት ልትወጣ ይገባል ባይ ነኝ። የቆመችባቸው ሁለት ምርኩዞች ሁለቱም የተሰነጠቁ ናቸውና።

ነገሩን ለማስታወስ ያህል፣ ልልና ውሃ የጠገበ አፈር በርዕደ መሬት ሲናጥ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ለመቀመጥ ይሞክራሉ። በመካከላቸው ያለው ውሃ መውጫ ፋታ ካጣ ግፊቱ እያደገ ይሄድና የላዩን ሸክም ራሱ ይሸከማል፤ ያኔ መሬቱ ጉልበቱን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ ሊኩፋክሽን የሚባለውም ይኸው ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ጃፓን ኒጋታ ውስጥ የመኖሪያ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ሳይፈርስ በጎናቸው የተጋደሙት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬም ድረስ የምንገለገልበት የግምገማ ዘዴ መነሻው በ1971 ሲድና ኢድሪስ ያወጡት ሲሆን፣ የተሠራው አሸዋን አስቦ ነው። ጠጠር ከሒሳቡ የቀረው ማንም ነፃነቱን ስላረጋገጠለት አይደለም።

የመጀመሪያው ምርኩዝ «ጠጠር ውሃ አያግትም፤ ግፊቱ ወዲያው ይተነፍሳል» የሚለው ነው። ለንጹሕ ጠጠር እውነት ሊሆን ይችላል። ወንዝ ያመጣው ጠጠር ግን ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው ስንት ቦታ ነው? ድንጋዮቹ በወጥ ውስጥ እንዳለ እንቁላል በአሸዋ ተከበው ከተቀመጡ፣ ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ የሚወስነው አሸዋው ነው። በላዩ የሸክላ አፈር ከተነጠፈበትማ መውጫው ጭራሹን ይዘጋል። በግንቦት 2008 የዌንችዋን ርዕደ መሬት የቻይናን ቸንግዱ ሜዳ ሲመታ የታየው ይኸው ነው፤ ከሸክላው ሥር የተኛው ጠጠራማ አፈር በብዙ ቦታ ፈሰሰ። የአገሪቱ የሕንፃ ደንብ በወቅቱ ምርመራ የሚጠይቀው ለአሸዋና ለደቃቅ ደለል ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ምርኩዝ ቁጥር ስለሆነ ይበልጥ ያታልላል። ኤስፒቲ በሚባለው ሙከራ 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ የናሙና ቱቦውን 45 ሴንቲ ሜትር ይነዳዋል፤ የመጀመሪያው 15 ይተውና የቀሪው 30 ሴንቲ ሜትር ምት ይቆጠራል። የቱቦው አፍ የውስጥ ስፋት 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ጭብጥ የሚያክል ድንጋይ ከፊቱ ሲጋረጥ ቱቦው ይደፈናል፣ መዶሻው ይነጥራል፣ ቁጥሩ ያሻቅባል። ቆፋሪው መዝገቡ ላይ «50 ምት፣ 8 ሴ.ሜ.፣ ሪፊውዛል» (አልነዳም አለ) ብሎ ይጽፋል። ቱቦው ወጥቶ ሲከፈት የሚገኘው ስባሪ ድንጋይና እፍኝ የማይሞላ አሸዋ ነው። ቢሮ ያለው መሐንዲስ ግን ያንን 50 ሲያይ ጥቅጥቅ ያለ መሬት ይታየዋል። ቁጥሩ አልዋሸም፤ አንድ ድንጋይ መመታቱን በትክክል መዝግቧል። በድንጋዩ ዙሪያ ያለው አፈር ልል ይሁን ጥብቅ ግን አልተጠየቀም።

ማስረጃው አዲስ ቢሆን ኖሮ ይቅር በተባለ። በጥቅምት 1983 አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ የቦራ ፒክ ርዕደ መሬት በደረሰ ጊዜ፣ ፔንስ ራንች በተባለው ስፍራ ጠጠራማው መሬት ፈስሶ ወደ ጎን ተንሸራቷል፤ አንድረስና ዮድ ቦታውን ቆፍረው አጥንተውታል። በጥር 1995 ኮቤ ላይ፣ ጠጠር በበዛበት የግራናይት ብስባሽ ተሞልተው ከባሕር የወጡት የፖርት አይላንድና የሮኮ አይላንድ ደሴቶች ፈሰሱ፤ የወደቡ ግንቦች በሜትር የሚቆጠር ርቀት ወደ ባሕሩ ተገፉ። በኅዳር 2016 ደግሞ የዌሊንግተን ወደብ የጠጠር ሙሌት ፈስሶ የኮንቴይነር ክሬኖቹን ለወራት ሥራ አስፈታ። ይህን ሁሉ እያወቁ «ጠጠር ነው» ብሎ ማለፍ ካለማወቅ ይልቅ ለልማድ ይቀርባል።

የሚሰጠው መከላከያ «ሌላ መሣሪያ ውድ ነው፤ አገር ውስጥም አይገኝም» የሚል ነው። ከፊሉ እውነት ነው፤ ጠጠር በሚበዛበት መሬት ላይ እንከን የለሽ ሙከራ የለም፤ ሳይረበሽ ናሙና ማውጣትም እጅግ ውድ ነው። ግን በነበረው ኤስፒቲ እንኳ ምቱን በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ መመዝገብ ይቻላል፤ ቱቦው ድንጋይ ያገኘበት ቦታ በድንገት ከሚዘለው ቁጥር ይለያል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጠመኔና ትዕግሥት ነው። ቻይና ውስጥ የሚሠራበት ሾጣጣ ጫፍ የመንዳት ሙከራም ውስብስብ አይደለም፤ 120 ኪሎ ግራም መዶሻ ከ1 ሜትር ከፍታ ይለቀቃል፣ 74 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጫፍ ይነዳል። ከዌንችዋን በኋላ ለጠጠር የሚሆን መመዘኛ የወጣው በዚሁ ነው። በአፈሩ ውስጥ የሚያልፈውን የሸር (የሸርተቴ) ሞገድ ፍጥነት ከምድር ገጽ መለካት ደግሞ ድንጋይ መብሳትን አይጠይቅም፤ ውጤቱ ግን ለአሸዋ በወጣው ሳይሆን ለጠጠር በወጣው መመዘኛ መነበብ አለበት።

ጉዳዩ የእኛም ነው። ኢትዮጵያ በ2015 እ.ኤ.አ. የአውሮፓን ኮድ ተከትላ ያወጣችው የሕንፃ ደረጃ የሊኩፋክሽን ግምገማ ይደረግ ሲል በስም የሚጠራው ልል አሸዋን ነው፤ ጠጠርን በመሐንዲሱ ኅሊና ላይ ይተወዋል። ከ2024 መገባደጃ ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ሁሉም የጠየቀው ስለ ብረትና ስለ ምሰሶ ነበር። ከስምጥ ሸለቆው ግርጌ ወንዞች አሸዋና ጠጠር ደባልቀው ባነጠፉት መሬት ላይ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በሆነበት ቦታ ድልድይ ወይም ፋብሪካ የሚያሠራ ሰው አማካሪውን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ጠጠሩ ደህና መሆኑን በምን አወቃችሁ? «ምቱ ስለበዛ» የሚል መልስ ያመጣ ሪፖርት ተመልሶ ይሠራ እንጂ ክፍያ አይገባውም።