ጨፌው ባለቤት አጣ

መቱ ላይ ቡና ሲፈላ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ከየት እንደመጣ ግን ማናችንም አንጠይቅም። እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

ቄጠማው የጨፌ ልጅ ነው፤ «ጨፌ ኦሮሚያ» የምንለው ምክር ቤትም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቃል ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ይህ ሣር የቤት ክዳን ነበር። ታጭዶ ሥሩ እርጥብ መሬት ውስጥ ስለሚቀር መልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ማጭድ ጠላቱ አይደለም። የሚጎዳው ለበቆሎ ተብሎ ውሃው በቦይ ሲንጠፈጠፍና ከብት ያለ እረፍት ሲለቀቅበት ነው። መሬቱ በኮቴ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ ይደርቃል፣ ሌላ ሣር ይተካዋል።

ቆርቆሮ መጣ፤ እሰየው! ወደ ሣር ክዳን እንመለስ የሚል የለም። ግን ክዳኑ ሲቀር ጨፌውን የምንጠብቅበት ምክንያትም አብሮ ቀረ።

መንዝ የጓሳን ሣር በ«ቄሮ» ሥርዓት ይጠብቅ ነበር (የእኛዎቹ ወጣቶች አይደሉም!)። ሣሩ ለዓመታት ይከለልና ሲደርስ ለአጨዳ ይከፈታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ሣሩ ተጎዳ፤ በኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ።

እኛስ? የጨፌ በቆሎ በክረምቱ የረሃብ ወራት ቤተሰብ እንደሚያቆይ አውቃለሁ፤ ገበሬውን አትረስ አልልም። ቢያንስ የጨፌው ራስና መውጫው ሳይታረስ ይቅር፤ ከብቱም አጨዳ እስኪያልቅ ይከልከል። ይህን ለመወሰን አዲስ አበባን መጠበቅ አያስፈልግም፤ የቀበሌ ስብሰባ ይበቃል።

ጨፌው ከደረቀ ምንጩም ይደርቃል። ያኔ ቄጠማውስ ይቅር፣ ቡናውን በምን ውሃ ልናፈላው ነው?