ራፖር ጸሐፊና ጠበቃ አንድ አይደሉም



በአሜሪካ ጥገኝነት ስለሚጠይቁ ወገኖቻችን ብዙ ይወራል፤ ስለ ሕጉ አሠራር ግን እምብዛም አይነገርም። ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል በዚያ አገር ልጅ ወይም ወንድም ያለው ብዙ ነው። በስልክ ምክር የምንሰጠውም እኛው ስለ ሆንን ነገሩን ልንመረምረው ይገባል እላለሁ።

በአገራችን በፍርድ ቤት ደጅ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ አለ። አቤቱታውን አሳምሮ ይጽፋል፤ ዳኛ ፊት ግን አይቆምም። ይህንኑ ልማድ ባሕር አሻግረነዋል። በዚያም «ፎርም እሞላለሁ» የሚል ያገር ልጅ አይጠፋም። አንዳንዱ ደግሞ ኖታሪ ነኝ ይላል። የውልና ማስረጃን ማኅተም እያከበረ ያደገ ሰው ይህን ስም ሲሰማ የሕግ ባለሥልጣን ያገኘ ይመስለዋል። በአሜሪካ ግን ኖታሪ የፊርማ ምስክር እንጂ በኖታሪነቱ የሕግ ምክር ለመስጠት ሥልጣን የለውም። በኢሚግሬሽን ጉዳይ ስለ ሌላው የሚቆመው በዋናው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የሰጠው የበጎ አድራጎት ድርጅት ወኪል ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የደረሰበትን ልጥቀስ። ማመልከቻውን የሞላለት ሰው ለሌሎች የጻፈውን ታሪክ ቀኑንና ከተማውን ለውጦ ሰጠው። ልጁም ሳያነብ ፈረመ። በቃለ ምልልሱ ቀን የራሱን እውነት ሲናገር ከወረቀቱ ጋር ተጋጨ። የሚያሳዝነው፥ እውነተኛው ታሪኩ ከተፈጠረው ይልቅ የጠነከረ ነበር። በቅጹ ላይ ያዘጋጀው ሰው ስሙንና ፊርማውን የሚያኖርበት ስፍራ አለ፤ ያ ሰው ግን ባዶውን ትቶታል። ዐውቆ የሐሰት ማመልከቻ አቅርቧል ተብሎ የተፈረደበት ሰው ከኢሚግሬሽን ጥቅም ሁሉ ለዘለዓለም ይከለከላል። ሕጉ የሚይዘው ፈራሚውን ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ፥ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፥ አገሪቱ በገቡ በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከትን ያዛል።

ጠበቃ ውድ ነው የሚሉት እውነት አላቸው። በከባድ ወንጀል ለተከሰሰ ድኃ እ.ኤ.አ. ከ1963 ወዲህ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል። ከአገር የማስወጣት ክርክር ግን እንደ ፍትሐ ብሔር ስለሚቈጠር ወጪው የባለ ጉዳዩ ነው። ሰውን ከኑሮው የሚነቅል ፍርድ ከዕዳ ክርክር ጋር መቈጠሩ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። ሆኖም ፍርድ ቤቱ በነጻ የሚረዱትን ድርጅቶች ዝርዝር ይሰጣል። ተማሪዬም ዛሬ ጠበቃ ያገኘው ከዚያ ነው።

ጠበቃዋ በመጀመሪያ የጠየቀችው የፈረመበትን ማመልከቻ ቅጂ ነበር፤ አልነበረውም። ቀጥላ ከዚህ የሚላኩ ማስረጃዎችን ፈለገች። እያንዳንዱም ወረቀት ተርጓሚው ችሎታውን አረጋግጦ ከፈረመበት ትርጉም ጋር መቅረብ አለበት። እናቱ የልደቱን ማስረጃ ለማውጣት 3 ሳምንት ተመላልሰዋል። በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ እንዲህ ያሉ እናት በመስኮታችሁ ሲቆሙ «ነገ ይመለሱ» ከማለታችሁ በፊት በዚያ ማዶ የተቈረጠ ቀጠሮ እንዳለ አስቡላቸው።

አንድ መምህር
ከደሴ