የዩኒቨርሲቲ ተማሪና የጋራ ሀብት፦ ንቃት ከተግባር ይወለዳል

የሰው ልጅ ተፈጥሮን በሥራው እየለወጠ ኑሮውን የመሠረተ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከተፈጥሮ የሚወስደውን መመጠንና የወሰደውን መተካት የህልውናው ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ በዩኒቨርሲቲ ተማሪው ላይ ይበልጥ ይከብዳል። የሚመገበው እንጀራና የሚያጠናበት መብራት ከገበሬውና ከሠራተኛው ላብ የተገኙ ናቸውና። ሆኖም የተማሪዎችን የመኝታ ሕንፃዎች የጎበኘ ሰው በጠራራ ፀሐይ የሚበራ አምፖልና ሲፈስ የሚያድር ቧንቧ ማየቱ አይቀርም። እንግዲህ ተማሪውን ለቁጠባና ለተፈጥሮ እንክብካቤ የሚያነሣሣው ምንድን ነው?

አንዳንዶች ችግሩን የዕውቀት ማነስ ብቻ አድርገው ይመለከቱታል። ስለዚህም ስብሰባ ይጠራሉ፣ መፈክር ይሰቅላሉ፣ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላቸዋል። ይህ አመለካከት ከተጨባጩ ሁኔታ ጋር አይጣጣምም። ስለ አየር ንብረት ለውጥ በፈተና ወረቀቱ ላይ አሳምሮ የጻፈ ተማሪ፣ ከአዳራሹ ሲወጣ የውሃ ፕላስቲኩን ከአጥር ሥር ሲጥል ይታያል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀቱን ከኑሮው ጋር የሚያስተሳስር ተግባር ነው።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ከካፒታሊስቱ ዓለም እምብርት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ኦሃዮ በሚገኘው ኦበርሊን ኮሌጅ፣ የመኝታ ሕንፃዎች ነዋሪዎች የፈጁት የኤሌክትሪክና የውሃ መጠን እንዲነገራቸው ተደርጎ በሕንፃዎቹ መካከል የሁለት ሳምንት ውድድር ተካሄደ። የኤሌክትሪክ ፍጆታው በ32 በመቶ ቀነሰ። ፍጆታቸውን ወዲያው ወዲያው በዝርዝር ለመከታተል በቻሉት ሕንፃዎች ደግሞ ቅናሹ 55 በመቶ ደረሰ። የውሃው ቅናሽ ግን 3 በመቶ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ የቀድሞዎቹ ነበሩ፤ የተለወጠው፣ የጋራ ፍጆታቸው በዓይን የሚታይና በጋራ የሚጠየቁበት መሆኑ ነው። የውሃው ውጤት ደግሞ የአጭር ጊዜ ፉክክር ሥር የሰደደን ልማድ ሁሉ እንደማይነቅል ያስተምረናል።

የራሳችን ታሪክም ትምህርት አለው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በሕብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። በፍላጎት የዘመተ እንደነበረ ሁሉ፣ ተገዶ የሄደና ዘመቻውን ጥሎ የተመለሰም ነበር። ትእዛዝ እግርን ያንቀሳቅስ ይሆናል፤ ልብን የሚያንቀሳቅሰው ግን የሥራውን ዓላማ የራስ ማድረግ ነው።

በዚህ ረገድ ሂስ ብቻ ሳይሆን ግለ ሂስም ያስፈልገናል። ተማሪውን ግድ የለሽ እያልን በጋዜጣ ገጽ ላይ የወቀስን ሁሉ፣ የተሰበረው ቧንቧ ለሳምንታት ሳይጠገን ሲቀር ማን ተጠየቀ ብለን ጠይቀናልን? ጠግኑልኝ ብሎ ሰሚ ያጣ ተማሪ፣ የጋራ ሀብት ባለቤት የለውም የሚለውን ትምህርት ከማንኛውም መምህር ይልቅ ከዚያ ቧንቧ ይማራል።

ብክነት ደግሞ ሁልጊዜ ተሸካሚ አለው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ከሟቾቹ መካከል በክምሩ ሥር በደሳሳ ጎጆ ይኖሩ የነበሩ ድሆች ይገኙበታል። ከግቢ በር የወጣ ቆሻሻ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም፤ የሚያርፈው በድሃው ደጃፍ ነው። ይህን ሐቅ የተገነዘበ ተማሪ ቁጠባን እንደ ንፉግነት ሳይሆን እንደ ወገናዊነት ይመለከተዋል።

ስለሆነም በየመኝታ ሕንፃው ቆጣሪ ይተከል፤ ንባቡም በየሳምንቱ በግልጽ ይለጠፍ። የተማሪዎች ኮሚቴ ብልሽትን የማስጠገን ሥልጣን ይኑረው። ከቁጠባው ከሚገኘው ገንዘብም ከፊሉ ለሕንፃው ማሻሻያ ይዋል።

ይህ ጉዳይ ግን ለግቢው ብቻ የሚተው አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነዋሪዎች ማኅበራት የደረጃ መብራትን ወጪ በጋራ መሸፈንን ያውቁታል፤ የፋብሪካ ሠራተኛውም ብክነት ምርትን እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። ይህን ልምዳችሁን ለተማሪው አካፍሉት፤ እርሱም ሳይንሱን ይዞ ወደ እናንተ ይምጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ የጋራ ሀብትን የመጠበቁ ሥራ በጋራ ይጀመር!